የደነገጠው ማን ነበር?

ከግድግዳ ሰዓት ልጀምር።

ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ከፈረንጅ ሰዓት 6 እንቀንሳለን። በዚህ የተነሳ ቶኪዮ የተሰቀለ ሰዓትና አዲስ አበባ በሀበሻ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ሁለቱም 2፡46 ላይ ነበሩ። እኛ ጠዋት ነበርን፤ ገና ሥራ መግባታችን ነው። እነሱ ከሰዓት በኋላ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሊለቁ ሲሉ። በዚያች ደቂቃ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ ማዶ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ በመለኪያው 9.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ። ጃፓን በመሣሪያ መመዝገብ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። ጥቁር ውኃ ቤቱንም መኪናውንም መርከቡንም እያላተመ ሜዳውን ሲሞላው። ወደ 15,900 ሰው ሞተ። ከ2,500 በላይ ሰው ደብዛው እንደጠፋ ቀረ። በማግስቱ ደግሞ በፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያው ሕንፃ ፈነዳ። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

በዚያ ሰሞን ዓለም ከሱናሚው እኩል ያወራው ስለ አንድ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ሰልፍ። ቤቱ የፈረሰበት፣ ዘመዱ የጠፋበት ሰው ለአንድ ጠርሙስ ውኃና ለአንድ ጉርሻ ሩዝ በረዶ ላይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ማንም አይጋፋም። ሱናሚው የወሰዳቸው ከ5,700 በላይ ካዝናዎች ተገኝተው ለፖሊስ ተመለሱ፤ ውስጣቸው ያለው ገንዘብም ባለቤቱ እየተፈለገ ተሰጠ። ፎቶዎቹ በፌስቡክ ዞሩ። «ጃፓኖች እኮ ሲፈጥራቸው ነው» ተባለ። ዛሬም ይባላል። ከጎኑም ሁልጊዜ አንድ አረፍተ ነገር ይከተላል፤ «እኛ ብንሆን ኖሮ...»

ይህ አባባል ሙገሳ ይመስላል። ለእኔ ግን ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ያ እርጋታ የተፈጥሮ ሳይሆን በደም የተገዛ ትምህርት መሆኑን። ሁለተኛ፣ በዚያ ሳምንት ጃፓን ውስጥ በእርግጥ የደነገጠ ወገን እንደነበረ፣ እሱም ሰልፍ ላይ የቆመው ሕዝብ እንዳልነበረ።

*

ሲፈጥራቸው ከሆነ 1923ን ምን እናድርገው?

መስከረም 1 ቀን 1923፣ እኩለ ቀን ሊሆን 2 ደቂቃ ሲቀረው፣ ቶኪዮና ዮኮሃማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። የምሳ ሰዓት ስለነበር በየቤቱ እሳት ተያይዟል። ከተማዋ ከእንጨት የተሠራች ናት። ወደ 105,000 ሰው አለቀ፤ አብዛኛው በእሳት ነው። ገና ጭሱ ሳይጠፋ ወሬ ተነሳ። ኮሪያውያን ጉድጓድ ውኃ ውስጥ መርዝ እየጨመሩ ነው፣ ቤት እያቃጠሉ ነው የሚል። በዚያን ጊዜ ኮሪያ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ብዙ ኮሪያውያን በቶኪዮ አካባቢ በጉልበት ሥራ ይኖሩ ነበር።

የሰፈር ጎረምሶችና አባወራዎች ቀርቀሃ ጦርና ሰይፍ ይዘው መንገድ ዘጉ። አላፊውን እያስቆሙ ለኮሪያዊ ምላስ የሚከብድ የጃፓንኛ ቃል በል ይሉታል፤ «አሥራ አምስት የን ከሃምሳ ሴን» ማለት አንዱ ፈተና ነበር። አጠራሩ ያላማረለት እዚያው ይገደላል። የሞቱት ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መሆናቸው ግን አያጠራጥርም። ከመካከላቸው ቻይናውያን ነበሩበት። አነጋገራቸው የክፍለ ሀገር የሆነ ጃፓናውያንም ነበሩበት።

ወሬውን ያራገበው ተራ ሰው ብቻ አልነበረም። የአገር ግዛት ሚኒስቴሩ ራሱ ኮሪያውያን እሳት እየለኮሱ ነውና ተጠንቀቁ የሚል ቴሌግራም ለየግዛቱ አስተዳደር አስተላልፏል። የተደናገጠ መንግሥት የተደናገጠ ሕዝብ ይሠራል። ሕዝቡ ያው ነው፤ ቋንቋው ያው፣ ባህሉ ያው፣ ሩዙም ያው።

ቀጥሎ 1995 አለ። ጥር 17፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ46፣ የኮቤ ከተማ ተናወጠች። ከ6,400 በላይ ሰው ሞተ። መንግሥት ዘገየ፤ ሠራዊቱ እስኪደርስ ከፍርስራሽ ውስጥ ሰው ያወጣው ጎረቤት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በበጎ ፈቃድ ኮቤ ሄዶ ሠራ። ጃፓኖች ያን ዓመት «የበጎ ፈቃድ አንደኛ ዓመት» ብለው ይጠሩታል። ከዚያ ሕጉ ተለወጠ፣ የሰፈር ማኅበራት ተጠናከሩ፣ እያንዳንዱ ሰፈር ማን የት እንደሚሰበሰብና ምግብ በማን በኩል እንደሚታደል አወቀ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ የ1923ቱ አደጋ በደረሰበት ዕለት፣ አገሩ ሁሉ ልምምድ ያደርጋል።

እንግዲህ 2011 ላይ ያየነው የሩዝ ሰልፍ የ88 ዓመት ታሪክ ያለው ነው። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ተራው ሲደርስ ሩዙ እንደሚኖር ስለሚያምን ነው። ያ እምነት ከሌለ የትኛውም ጨዋ ይጋፋል። እኛም የምንጋፋው ባህል ስለጎደለን ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተሰልፈን «አልቋል» ስለተባልን ነው።

*

አሁን እርጋታው ታዛዥነት አለመሆኑን ላሳያችሁ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ይበቃሉ።

ካማይሺ በምትባል የጠረፍ ከተማ ካታዳ ቶሺታካ የሚባል ፕሮፌሰር ለዓመታት ተማሪዎችን አስተምሯል። ትምህርቱ ሦስት ነገር ነው። ካርታውን አትመን፤ የተቻለህን ሁሉ አድርግ፤ ለመሮጥ የመጀመሪያው ሁን። «ካርታውን አትመን» ማለት መንግሥት ያወጣውን፣ ውኃ እስከዚህ ይደርሳል እስከዚህ አይደርስም የሚለውን የአደጋ ካርታ ማለቱ ነው። በዚያ አካባቢም ከጥንት የወረደ አንድ ብሂል አለ፤ ሱናሚ ሲመጣ እያንዳንዱ ለየራሱ ይሩጥ የሚል። ጭካኔ ይመስላል። ትርጉሙ ግን እናትህን ስትፈልግ አትሙት፣ እሷም አንተን ስትፈልግ እንዳትሞት ነው፤ ሁለታችሁም እንደምትሮጡ ተማመኑ።

የሁለተኛ ደረጃ ልጆች መሬቱ እንደረጋ ሮጡ። አጠገባቸው ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሊወጡ ሲሉ ታላላቆቻቸው ሲሮጡ አይተው ተከተሉ። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው የተወሰነው መሰብሰቢያ ቦታ ደረሱ። አልበቃቸውም፤ ወደ ላይ ቀጠሉ። ደግመውም ወደ ላይ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በመንግሥቱ ካርታ ላይ ውኃ የማይደርስባቸው ነበሩ። ሁለቱንም ውኃ ዋጣቸው። ልጆቹ ግን ተረፉ። በከተማዋ ካሉት ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተረፉ።

ሌላው ትምህርት ቤት ኢሺኖማኪ ከተማ ያለው ኦካዋ ነው። እዚያ ልጆቹ በሥርዓት ወደ ግቢው ወጡ፤ በሥርዓት ተሰለፉ፤ በሥርዓት ስማቸው ተጠራ። ከኋላቸው ኮረብታ ነበረ። ከተረፉት ጥቂቶች ምስክርነት እንደምንሰማው «ወደ ኮረብታው እንሂድ» ያሉ ልጆች ነበሩ። አዋቂዎቹ ተመካከሩ፣ ተጠባበቁ፣ መመሪያውን አሰቡ። ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ግቢው ውስጥ ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ 108 ተማሪዎች 74ቱ ሞቱ፤ ከእነሱ ጋር 10 መምህራን። ወላጆች ከሰሱ። «ጃፓናዊ መንግሥትን አይከስም» ሲባል የኖረበት አገር ላይ ከ5 ዓመት በላይ ተሟገቱ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ የተፈረደውን አጸና። ጥፋቱ በዕለቱ ግቢው ውስጥ የቆሙት መምህራን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ያልተዘጋጀው አስተዳደር እንደሆነ ተፈረደ።

ስለዚህ ጃፓንን ያዳናት ታዛዥነት ነው የሚለን ካለ፣ ኦካዋን ያሳየን።

*

ወደ ማመንጫው እንሂድ።

ፉኩሺማ ዳይቺ የተሠራው 6 ሜትር ለማይሞላ ሱናሚ ነው። የመጣው ወደ 15 ሜትር ገደማ ነበር። ዱብ ዕዳ አልነበረም፤ ባለቤቱ ቴፕኮ በ2008 በራሱ ስሌት ከ15 ሜትር የሚበልጥ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አውቆ ነበር። ስሌቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። የመሬት መንቀጥቀጡ የውጪውን መብራት ቆረጠ፤ ውኃው ደግሞ ምድር ቤት የተቀመጡትን የመጠባበቂያ ዲዝል ጄኔሬተሮች አሰመጠ። ሪአክተር ቢጠፋም ሙቀቱ ወዲያው አይበርድም፤ ለብዙ ቀን ውኃ ይፈልጋል። ውኃ የሚገፋ ኃይል አልነበረም። የሦስት ሪአክተሮች እምብርት ቀለጠ። መጋቢት 12፣ 14 እና 15 ሕንፃዎቹ በሃይድሮጂን ፈነዱ።

አሁን ጥያቄው ይኸው ነው። ሕዝቡ በዚያ ሳምንት ምን ተነገረው?

የመንግሥቱ ቃል አቀባይ ኤዳኖ ዩኪዮ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ ሌትና ቀን ቴሌቪዥን ላይ ይቀርብ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ሰው አዘነለትና በትዊተር «ኤዳኖ፣ ተኛ እንጂ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ለመንግሥቱ የሰጠው ይህን ያህል ርኅራኄ ነው። ኤዳኖ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ሐረግ ነበር፤ በጤና ላይ «ወዲያውኑ» የሚያመጣው ጉዳት የለም። ጃፓኖች ያችን «ወዲያውኑ» የምትል ቃል ሰሙ፤ ቆይቶስ? ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረም።

መጋቢት 12 ቀን የኑክሌር ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አንድ ኃላፊ የሪአክተሩ እምብርት እየቀለጠ ሊሆን እንደሚችል ለጋዜጠኞች ተናገረ። እውነቱን ነበር። ከመግለጫ መድረክ ተነሳ። የቴፕኮ ፕሬዚዳንት «መቅለጥ» የሚለውን ቃል እንዳትጠቀሙ ብሎ ማዘዙ የታወቀው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ኩባንያው መቅለጡን ያመነው በግንቦት 2011 ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ።

ከሁሉ የከፋው ግን የናሚዬ ታሪክ ነው። ናሚዬ ከማመንጫው በስተ ሰሜን ያለች ከተማ ናት። ሽሹ የሚለውን ትእዛዝ ከንቲባው ባባ ታሞትሱ የሰማው ከቴሌቪዥን ነው። ሕዝቡን ይዞ ከከተማው አስተዳደር ሳይወጣ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጹሺማ ወደሚባል ተራራማ ቦታ ሄደ። ርቀናል ብለው ሦስት ቀን ገደማ እዚያ ቆዩ። እናቶች ደጅ ላይ ሩዝ ቀቀሉ፤ ልጆች ሜዳ ላይ ተጫወቱ።

መንግሥት ስፒዲ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነበረው። ሥራው ጨረር ያለበት አየር ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው መተንበይ ነው። ስሌቱ ወጥቷል። ጨረሩ የሄደው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በጹሺማ በኩል ነው። መረጃው ለአሜሪካ ጦር መጋቢት 14 ተሰጠ። ለጃፓን ሕዝብ የወጣው መጋቢት 23 ነው። ለምን? ከማመንጫው ትክክለኛ መጠን ስላልደረሰን ስሌቱ አስተማማኝ አልነበረም አሉ። በግንቦት ወር ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሌላውን ምክንያት አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሕዝቡ ይደናገጣል ብለን ፈርተን ነበር።

ሕዝቡ ይደናገጣል! በረዶ ላይ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀው ያው ሕዝብ!

ከንቲባው ባባ ይህን መረጃ መደበቅ ከነፍስ ግድያ የማይተናነስ መሆኑን ለጋዜጣ ተናገረ።

የአደጋ ተመራማሪዎች ይህን ነገር ያውቁታል። ሶሲዮሎጂስቱ ኳራንቴሊ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አደጋ የደረሰበትን ሕዝብ ሲያጠና ያገኘው፣ ሕዝብ በጅምላ አብዶ የሚሮጠው ፊልም ላይ እንጂ በእውኑ ዓለም እምብዛም አለመሆኑን ነው። ሰው ጎረቤቱን ይፈልጋል፣ ልጁን ይሸከማል፣ ያለውን ያካፍላል። ከእሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ደግሞ የባለሥልጣን ድንጋጤ የሚል ስያሜ አወጡ። ባለሥልጣን ሕዝቡን ይፈራል፤ ከፍርሃቱ የተነሳ መረጃ ይደብቃል፤ በመደበቁ ሰው ይጎዳል። በ1923 ወሬ በማራባት፣ በ2011 እውነት በመቅበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ፈሩት የነበረው አለመተማመን መጣ። ያመጣው ግን ዝምታቸው ነው።

*

ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? አሁንም አላበደም። መለኪያ ገዛ።

መጋቢት 23 ቀን የቶኪዮ አስተዳደር የቧንቧ ውኃ ውስጥ በሊትር 210 ቤክሬል ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ተገኝቷል አለ፤ ለሕፃናት የተፈቀደው 100 ነው። የታሸገ ውኃ ከሱቅ ጠፋ፤ አስተዳደሩ ሕፃን ላላቸው ቤተሰቦች 240,000 ጠርሙስ አደለ። በሚያዝያ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ለፉኩሺማ ልጆች በዓመት እስከ 20 ሚሊሲቨርት ጨረር ይፈቀዳል አለ። ለተራው ሕዝብ የነበረው ወሰን 1 ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጨረር አማካሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ኮሳኮ ይህን አልቀበልም ብለው በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሱ ሥራ ለቀቁ። ወላጆች ልጆቻቸው የሚጫወቱበትን ሜዳ አፈር ይዘው ቶኪዮ ሚኒስቴሩ ደጃፍ ድረስ ሄዱ። ሚኒስቴሩ ወደ 1 ለማውረድ እንደሚጥር ለመናገር ተገደደ።

እናቶች ገንዘብ አዋጥተው የምግብ መመርመሪያ አቋቋሙ። ሴፍካስት የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን መኪና ላይ መለኪያ አስሮ መንገድ ለመንገድ ጨረር እየለካ ውጤቱን ለማንም ክፍት አደረገ። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ጡረተኞች፣ በ72 ዓመቱ መሐንዲስ ያማዳ ያሱተሩ መሪነት፣ «እኛ ካንሰር እስኪይዘን ዕድሜያችን ያልቃል፤ ወጣቶቹን ትታችሁ እኛን ወደ ማመንጫው አስገቡን» በሚል ሐሳብ ተመዘገቡ።

ሌላኛው ሰልፍም መጣ። በ2012 ጸደይ የጃፓን ሪአክተሮች በሙሉ ጠፍተው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ኖዳ የኦይ ማመንጫን ሊያስነሳ ሲወስን፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት የቆመው ጥቂት ሰው ወደ አሥር ሺዎች አደገ። ሐምሌ 16 በቶኪዮ ዮዮጊ ፓርክ አዘጋጆቹ 170,000፣ ፖሊስ 75,000 ያለው ሕዝብ ወጣ። ከነቦርሳቸው ከሥራ የመጡ ሠራተኞች፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶች። ያም ሰልፍ በሥርዓት ነበር። ዓለም ግን የሩዙን ሰልፍ እንጂ የዓርቡን ሰልፍ ፎቶ ያን ያህል አላዞረውም። ተራውን የሚጠብቅ ድሃ ማድነቅ ይቀላል፤ ተራዬ መቼ ነው ብሎ የሚጠይቀውን ግን...

*

እዚህ ላይ ታሪኩን ብዘጋው ውሸት ይሆናል። የሕዝቡም ፍርሃት ሰው ጎድቷል።

በፉኩሺማ ግዛት በመሬት መንቀጥቀጡና በሱናሚው በቀጥታ የሞተው ወደ 1,600 ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በመፈናቀል፣ በሕክምና መቋረጥ፣ በሐዘንና በብቸኝነት የሞተው ከ2,300 ይበልጣል። ከማመንጫው አጠገብ ከነበረው የፉታባ ሆስፒታልና ከአረጋውያን መኖሪያው የወጡ ሰዎች ያለ ሐኪም አውቶቡስ ላይ ረጅም ሰዓት ተጉዘው ወደ 50 የሚጠጉት በዚያ ወር ሞቱ። በጨረር ምክንያት ግን ጃፓን በይፋ ያመነችው የሠራተኛ ሞት በጣት የሚቆጠር ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሳይንስ ኮሚቴም በሕዝቡ ላይ ሊለይ የሚችል የካንሰር ጭማሪ አልጠብቅም ብሏል።

ከፉኩሺማ የሄዱ ልጆች ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ «ጀርም» እየተባሉ ተሰደቡ። የፉኩሺማ ገበሬ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለ ሩዙን የሚገዛው አጣ። ባሕር ማዶ ቻይና ውስጥ ሰው አዮዲን ያለው ጨው ከጨረር ያድናል ብሎ ሱቆችን በሁለት ቀን አራቆተ። ጀርመን ውስጥ መጋቢት 26 ከ200,000 በላይ ሰው ሰልፍ ወጣ፤ መንግሥት በዚያው ዓመት ማመንጫዎቹን ለመዝጋት ወሰነ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት በሚያዝያ 2023 ተዘጉ።

«አየህ፤ ሕዝብ ይደናገጣል ያሉት እውነት ኖሯል» የሚል ይኖራል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። በ2012 አንድ ሳይንቲስት ተነስቶ «ይህ ሰፈር ያለ ስጋት ይኖርበታል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ማን ይመነው? ያው መንግሥት ነው ናሚዬን ዝም ያላት። ያው ኩባንያ ነው መቅለጡን የደበቀ። የውሸት ትልቁ ዋጋ በዕለቱ የሚያስከትለው ጉዳት አይደለም፤ በኋላ የሚነገረውን እውነት ዋጋ ማሳጣቱ ነው። ወደ ቤታቸው መመለስ የሚችሉ አረጋውያን በጊዜያዊ መጠለያ የሞቱት፣ የሚያምኑት ድምፅ አጥተው ጭምር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ መድኃኒቱ እጁ ላይ ቢኖር እንኳ የሚቀበለው የለም።

በሐምሌ 2012 በኩሮካዋ ኪዮሺ የሚመራው የጃፓን ፓርላማ መርማሪ ኮሚሽን አደጋው የተፈጥሮ ሳይሆን ሰው ሠራሽ ነው ብሎ ደመደመ። ተቆጣጣሪውና ኩባንያው ተሻርከው ነበር አለ። ግን በእንግሊዝኛው ቅጂ መግቢያ ላይ ሊቀመንበሩ ጥፋቱን በከፊል የጃፓን ባህል ላይ ጣለው፤ ታዛዥነታችን ነው፣ አለቃን አለመጠየቃችን ነው አለ። በጃፓንኛው ቅጂ ይህ እንዲያ ሆኖ አልነበረም። ብዙዎች ተቃወሙት፤ በትክክል። ጥፋትን ለባህል ከሰጠኸው ተጠያቂ ሰው ይጠፋል። እርጋታውን ለባህል የሰጠው ፌስቡክና ጥፋቱን ለባህል የሰጠው መግቢያ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰዎች የወሰኑትን ነገር ከሰዎች እጅ ያወጡታል።

*

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ጃፓን ብቻ አስቤ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት አልፎ በጋው ሲገባ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ተናወጠች። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሱ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሌሊት ልጁን ታቅፎ ደረጃ ወረደ። ከዚያ ሁላችንም ስልካችንን አየን። እዚያ ያገኘነው የቴሌግራም ወሬ ነበር፤ ነገ በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል የሚል። የመሬት መንቀጥቀጥን ሰዓት ማንም አይተነብይም፤ ግን ይህን ሰው የሚያምነው ድምፅ አስቀድሞ ቢነግረው ወሬው ቦታ አያገኝም ነበር። እንዲያም ሆኖ ያልታደለው ያ ሕዝብ አላበደም። ተነሳ፣ ልጁን ያዘ፣ ጎረቤቱን ቀሰቀሰ።

በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ሀገራችን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ከሩሲያ ጋር ተስማማች። ልገንባ ማለት ኃጢአት አይደለም፤ መብራት የሚያስፈልገው ሕዝብ አለን። «ቴክኖሎጂው አስተማማኝ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር መሐንዲሶቹ ያውጡት። የእኔ ጥያቄ ከፉኩሺማ የተማርኩት ነው። አንድ ቀን አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ማን ይነግረናል? በስንት ሰዓት? የሚነግረን ሰው እውነት በመናገሩ ከወንበሩ ይነሳል ወይስ ይመሰገናል? ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ሰው ደሞዝ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም? እነዚህ ጥያቄዎች ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት እንጂ ከፈነዳ በኋላ አይመለሱም።

በፉታባ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ቅስት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ልጅ ለውድድር የጻፈው መፈክር ተሰቅሎበታል፤ ኑክሌር የብሩህ ነገ ኃይል ነው የሚል። ልጁ ተሸለመ። አድጎ፣ አግብቶ፣ በ2011 እሱም ተፈናቀለ። በ2015 ከተማው ቅስቱን አርጅቷል ብሎ ሊያወርደው ሲነሳ የተቃወመው ያው የጻፈው ሰው ነው። አፍሬበታለሁ፣ ግን አታንሱት፤ የሚያየው ይማርበት የሚል ነበር ሐሳቡ። ቅስቱ ወረደ፤ መፈክሩ ግን ዛሬ በዚያው ከተማ ሙዚየም ይታያል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ልክ ነው። የጹሺማ ልጆች ግን እውነቱ እስኪጠራ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ተጫውተዋል።